ከአምፕሊፋየሩ በፊት ገመዱን መለካት፦ በኮሮላዬ ላይ የሠራሁት ጥገና

ያገለገለችው ኮሮላዬ ባለአራት ቻናል አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) እና ሰብዉፈር (የባስ ስፒከር) ተገጥሞላት ነበር የገዛኋት። ሞተሩ ሳይነሳ ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ ግን ከስፒከሮቹ ቀጭን ፉጨት ይሰማል፣ ነዳጅ በተሰጠ ቁጥርም ፉጨቱ ይበልጥ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ባስ የበዛበት ሙዚቃ ሲመጣ ደግሞ አምፕሊፋየሩ ቀይ መብራት አብርቶ ሥራውን ያቆማል። ያማከርኳቸው ሰዎች አምፕሊፋየሩ ይቀየር አሉኝ። ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ፉጨት ምንጩ ዲናሞው ስለሆነ፣ አዲስ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት የዲናሞው ረብሻ በየት በኩል ወደ ድምፁ እንደሚገባ ማወቅ ፈለግሁ።

ከቴፑ የድምፁን ምልክት የሚያመጡትን የአርሲኤ ገመዶች ከአምፕሊፋየሩ ስነቅላቸው ፉጨቱ ወዲያው ጠፋ። ይህም ችግሩ ከአምፕሊፋየሩ ውስጥ ሳይሆን፣ በቴፑና በአምፕሊፋየሩ ግራውንድ (ኔጌቲቩ ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚገናኝበት መስመር) መካከል ካለው የቮልቴጅ ልዩነት የመጣ መሆኑን አመለከተኝ።

ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ፣ ባሱም እየመታ ለካሁ፤ ጭነት በሌለበት የሚለካ ቮልቴጅ ደካማ ገመድን አያጋልጥምና። በባትሪው ላይ 13.6 ቮልት ሲነበብ፣ አምፕሊፋየሩ ላይ የሚደርሰው 11.6 ብቻ ነበር። የጠፋው ሁለት ቮልት የት እንደቀረ ለመለየት፣ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በአምፕሊፋየሩ ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በረጅም ሽቦ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አደረግሁ፤ 1.5 ቮልት አሳየ። በፖዘቲቩ በኩል የጠፋው ግማሽ ቮልት ነበር። በጤናማ ግራውንድ ላይ ይህ ንባብ ከ0.1 ቮልት ባይበልጥ ይመረጣል።

የግራውንዱን ብሎን ስፈታው ካፒኮርዳው (የገመዱ ጫፍ ማሰሪያ ብረት) ያረፈው በቀለም ላይ ነበር። ብረቱን የነካው የብሎኑ ጥርስ ብቻ ሲሆን፣ ዙሪያውንም ቡናማ ዝገት ከቦታል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ካላቀቅሁ በኋላ ወፍራም የቦዲ ላሜራ መርጬ፣ ነጩ ብረት እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት፤ አጭር ገመድ በጥርሳም ሮንዴላ ካሰርኩበት በኋላም ከላይ ቀለም ቀባሁት።

የፖዘቲቩን ገመድ ልጬ አንዷን ሽቦ በምላጭ ስፍቃት ከመዳብ ቀለሟ ሥር ነጭ አሉሚኒየም ወጣ። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ 60 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ ገመዱ በዓይን ወፍራም መስሎ ቢታይም የሚችለው ጭነት ያነሰ ነው። የእኔ አምፕሊፋየር በጠቅላላው 300 ዋት ያወጣል፤ ብቃቱን 60 በመቶ ብንወስድ ከባትሪው 500 ዋት ይስባል፣ ይህም በ13.5 ቮልት ሲካፈል 37 አምፔር ግድም ነው። ስለዚህ ከመርካቶ ባለ16 ካሬ ሚሊ ሜትር ንጹሕ የመዳብ ገመድ ገዛሁ፤ ከመክፈሌ በፊትም ጫፉን በምላጭ አይቼዋለሁ።

በአሮጌው አሠራር በእጅጉ ያሳሰበኝ ግን ባትሪው አጠገብ ፊውዝ አለመኖሩ ነው። አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ፊውዝ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ነው። ገመዱ ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ተልጦ ቦዲውን ቢነካ፣ ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቅና ገመዱ በሰዎች እግር ሥር ይቀጣጠላል። ስለዚህ ባለ40 አምፔር ፊውዝ ከባትሪው በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ አስገባሁ፣ ለቀዳዳውም ጎማ አለበስኩለት። ይህን ሥራ የሚያሠራ ሰው ኮፈኑን አስከፍቶ ፊውዙን በዓይኑ ሳያይ ገንዘብ ባይከፍል እመክራለሁ።

እንደገና ስለካ በግራውንዱ ላይ የቀረው 0.05 ቮልት ነበር፣ አምፕሊፋየሩም መዝጋቱን አቆመ። ጆሮ ሲጠጋ የሚሰማ ጥቂት ፉጨት ግን ቀርቶ ነበር፤ የቴፑን ግራውንድ በቀጥታ ከቦዲው ጋር ሳገናኝና የአርሲኤውን ገመድ ከፖዘቲቩ አርቄ በሌላኛው የመኪናው ጎን ሳሳልፍ እሱም ጠፋ።

ስፒከሮቹን ከአምፕሊፋየሩ ጫፍ ለካኋቸው። ባለ4 ኦም ስፒከር በመልቲሜትር 3.4 አካባቢ ቢያሳይ ጤነኛ ነው፤ የግራው በር ስፒከር ግን በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ንባቡ ይዘላል፤ ሽቦው በበሩ ማጠፊያ ጎማ ውስጥ ተበጥሶ ነበር። ከዚያ የ1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት እያስነካሁ የፖዘቲቭና ኔጌቲቩን አቅጣጫ መረመርሁ፤ በትክክል ሲገናኝ የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ይገፋል። የቀኙ ወደ ውስጥ ስለገባ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ገመዱን አቀያየርኩት፤ ከፊት ስፒከሮቹ የጠፋው ባስም ተመለሰ።

በመጨረሻ እስከ ጫፉ ተከፍቶ ያገኘሁትን የአምፕሊፋየሩን ጌይን (የሚገባውን ድምፅ ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነውን መቆጣጠሪያ) አስተካከልኩ። በአንድ ቻናል 50 ዋት በ4 ኦም ላይ 14.1 ቮልት ስለሚሆን፣ ስፒከሮቹን ነቅዬ፣ የቴፑን ድምፅ ሦስት አራተኛ ላይ አድርጌ፣ የ1000 ኸርትዝ ድምፅ እያጫወትሁ መልቲሜትሩ ይህን ቁጥር ሲያሳይ አቆምኩት፤ ከግማሽ በታች ላይ ነው የቆመው።