ማሲንቆው ከማሽኑ ጋር አልሄድ ሲል

የአልበሙ ሥራ ሲጀመር ሁላችንም ያለ ክርክር የተቀበልነው ፍጥነቱን ብቻ ነበር፤ በደቂቃ 128 ምት። በሌላው ሁሉ ተነታርከናል። ድምፃዊቷ ሰው እየጨፈረም ግጥሙን የሚሰማበት ሥራ ትፈልጋለች። ገንዘቡን ያወጣው ፕሮዲዩሰር ለሠርግም ለምሽት ክበብም የሚሆን፣ ከተቻለም ለበዓል የሚደርስ አልበም ይፈልጋል። አቀናባሪው ደግሞ ሌሊቱን ኮምፒውተር ፊት የሚያነጋ ወጣት ነው፤ አካሉ አዲስ አበባ፣ ልቡ ዲትሮይት። ለእኔ የደረሰኝ ቀረጻውና ሚክሲንጉ ነበር። ይህ ሥራ አንድ ጥቅም አለው፤ ሰዎች ተዘግቷል ብለው ባሰቡት ማይክሮፎን አጠገብ ሲጨቃጨቁ፣ ማን ምን እንዳለ ከሁሉም አጥርቶ የሚሰማው ማዳመጫ ያጠለቀው ሰው ነው።

አቀናባሪው የቴክኖን፣ የዚያን በማሽን የሚሠራ የጭፈራ ሙዚቃ፣ ታሪክ ከሥሩ ያውቀዋል። የዱሰልዶርፎቹ ክራፍትቨርክ የሠሩትን የሲንተሳይዘር ሙዚቃ እየሰሙ ያደጉት ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቨን ሳንደርሰን በዲትሮይት አካባቢ ያንን የማሽን ድምፅ ከጥቁር አሜሪካውያን ፈንክ ጋር አዋሕደው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ ስልት እንዴት እንዳወጡ ምሳ ስንበላ ይተርክልናል። ሮላንድ ቲአር 909 የተባለው የጃፓን ድራም ማሽን በ1983 እ.ኤ.አ. ወጥቶ፣ 10,000 ያህል ብቻ ከተሠራ በኋላ ምርቱ መቆሙን፣ ገበያ ያልቀናው ያ ዕቃ ግን የዚህ ሙዚቃ ዋና ድምፅ መሆኑን ሲነግረን ሽሮው ይቀዘቅዛል፣ ወሬው አይቀዘቅዝም። እኔም ሲያወራ መስማት እወዳለሁ። ችግር የመጣው ታሪኩን ወደ ሕግ ሲለውጠው ነው። በእሱ ሕግ ኪክ ድራሙ፣ ማለትም ወፍራሙ የከበሮ ምት፣ በየምቱ እኩል ይወድቃል፤ በምትና በምት መካከል ያለው ቦታ ለሁለትና ለአራት ይከፈላል፤ በኮምፒውተሩ መስመር ላይ ያላረፈ ድምፅ ስሕተት ነው፣ ስሕተትም ይታረማል።

ሦስተኛው ዘፈን ማሲንቆ ይፈልግ ነበር። ድምፃዊቷ በሠርግ ሥራ የምታውቃቸውን አንድ አዛውንት ጋብዛ አመጣች። ጋሼ ነው የምንላቸው። ገብተው ተቀመጡ፣ የማሲንቆውን ጭራ ጠበቅ አደረጉ፣ ደጋኑን ዕጣን ቀቡ፣ ማዳመጫውንም በትዕግሥት አጠለቁ። ሜትሮኖሙን ስከፍትላቸው ግን ወዲያው አወለቁት።

«ልጄ፣ ይህ ጆሮዬ ውስጥ የሚያንኳኳው ማነው?»

«ጋሼ፣ ምቱን የሚጠብቅልዎ ነው» አለ አቀናባሪው።

«እኔ ምት ጠፍቶብኝ ያውቃል?»

ሜትሮኖሙን አጠፋሁትና የድምፃዊቷን ድምፅና ኪክ ድራሙን ብቻ ሰጠኋቸው። ተጫወቱ። ዐይናቸውን ጨፍነው፣ አንድ እግራቸው የእንጨቱን ወለል እየመታ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ተጫወቱት። ድምፃዊቷ ከመስታወቱ ወዲያ ቆማ ትከሻዋን መያዝ አቃታት። አቀናባሪው ግን የሚያየው ስክሪኑን ነበር፤ ከማሲንቆው ድምፆች ግማሽ ያህሉ ከመስመሩ ውጭ ናቸው። ጋሼ ቡናቸውን ጠጥተው፣ አበላቸውን ተቀብለው እንደሄዱ ማሲንቆውን በሙሉ መርጦ ወደ መስመሩ ሳበው።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ልግባ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ጋሼ የተጫወቱት ችክችካ ነው። በችክችካ እያንዳንዱ ምት የሚከፈለው ለሦስት ነው፤ መጀመሪያ ረዘም ያለ ድምፅ ሁለቱን እጅ ይይዛል፣ ከዚያ አጭሩ ሦስተኛውን። በ128 ፍጥነት አንድ ምት 469 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ስለዚህ አጭሩ ድምፅ የሚወድቀው 312ኛው ሚሊሰከንድ አካባቢ ይሆናል። አቀናባሪው ያዘጋጀው መስመር ግን ምቱን ለአራት የሚከፍል ነው፤ ለአጭሩ ድምፅ ቅርብ የሆነው መስመርም 352 ላይ ነው ያለው። ማሽኑ የታዘዘውን ፈጽሞ እያንዳንዱን አጭር ድምፅ ወደ 40 ሚሊሰከንድ ያህል አዘገየው። በወረቀት ሲታይ ምንም አይደለም። በጆሮ ሲሰማ ግን ሰውዬው በአንድ ጊዜ ጫማው የጠበበው መሰለ።

ድምፃዊቷ በማግስቱ መጥታ ሰማችው። ጥቂት ዝም አለችና «ጋሼ ያን ቀን አሟቸው ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

አቀናባሪው ተቆጣ። ቴክኖ የሰውን እጅ መንቀጥቀጥ አይቀበልም አለ። እሷም እንቅጥቅጥ የሰማችው አሁን እንጂ ትናንት አለመሆኑን ነገረችው። ፕሮዲዩሰሩ ማሲንቆው ከናካቴው ይውጣና በሲንተሳይዘር ይተካ የሚል ሐሳብ አመጣ፤ ለእሱ ይህ የሰዓት ኪራይ ጉዳይ ነበር። ድምፃዊቷ ግን ጋሼን መልሳ ጠራቻቸው። እንዲህ ያለውን ነገር ብዙ ጊዜ ባለሙያው በሌለበት ጨርሰን፣ አልበሙ ከወጣ በኋላ ነው የምናሰማው። እሷ ይህን አልወደደችም፤ ትክክልም ነበረች።

ጋሼ የታረመውን ሰሙት። «ይህ እኔ አይደለሁም» አሉ፣ ያለ ቁጣ።

«ጋሼ፣ ማሽኑ እኮ አይሳሳትም» አለ አቀናባሪው።

«ተሳሳተ አላልኩም። ሌላ መንገድ ነው የሚሄደው።» ከዚያ ማናችንም ያልጠበቅነውን አነሡ። ማሽን ለአማርኛ ሙዚቃ አዲስ እንግዳ አይደለም አሉ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ሆኖ በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ቀርጾ ካሴቱ እዚህ አገር ሲሰማ እንደነበር፣ እሳቸውም እንዳደመጡት አስታወሱን። ያ ሥራ በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ እንደገና ታትሞ የፈረንጅ ወጣቶች መነጋገሪያ ሆኗል። ዲትሮይትን በቃሉ የሚያውቀው አቀናባሪያችን ይህን አልሰማም ነበር። ስልኩን አውጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠና ለረጅም ጊዜ ማዳመጫውን አላወለቀም።

መፍትሔው የመጣው ግን ከዚህ ክርክር አይደለም፤ ከቆሻሻ ነው። በማሲንቆው ቀረጻ ውስጥ ዝቅ ያለ ዱብ ዱብ የሚል ድምፅ ገብቷል። የጋሼ እግር ነው፤ ከወለሉ ተነሥቶ በማይክሮፎኑ ማቆሚያ በኩል የወጣ። እንዲህ ያለውን በማጣሪያ ቆርጦ ማስወገድ የተለመደ ነው፤ አቀናባሪውም እንዳጸዳው ጠይቆኝ ነበር። ከማጥፋቴ በፊት ለብቻው ከፍቼ ከኪክ ድራሙ ጋር አጫወትኩት። እግሩ በየምቱ ይወድቃል። በአንድ ሜዠር አራት ጊዜ፣ ልክ ኪኩ በሚወድቅበት ቦታ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።

ለካ በዋናው ምት ላይ ጠብ አልነበረም። ጋሼም ቴክኖውም በአንድ እግር ነው የሚሄዱት። የሚለያዩት በሁለት እርምጃ መካከል ባለው ቦታ አከፋፈል ነው፤ አንዱ ለሦስት፣ ሌላው ለአራት። ስለዚህ ኪኩን ሳንነካ፣ ሃይሃቱን (ቀጭኑን የጸናጽል ድምፅ) እና የሲንተሳይዘሩን መስመር ለሦስት እንዲከፈሉ አደረግናቸው። ማሲንቆውን ወዳልታረመው ቀረጻ መለስን። አቀናባሪው ሃይሃቱን በትክክለኛው ሲሶ ላይ ካስቀመጠው በኋላ አሁንም ትንሽ ደረቅ ሆኖ ተሰማው፤ ምክንያቱም ጋሼ ራሳቸው በትክክለኛው ሲሶ ላይ አይጫወቱም፤ አንዳንዴ ይቀድሙታል፣ ሐረጉን ሲዘጉ ደግሞ ይዘገያሉ። ሃይሃቱን አንድ በአንድ ወደ ማሲንቆው አስጠጋው። ይህን ሲያደርግ አንድ ሙሉ ከሰዓት አለቀ፤ በፊቱም ላይ ቁጣ አላየሁም። በዚህ ሥራ ያየሁት ክርክር ሁሉ ማን ለማን ይለፍለት የሚል ነበር። የሃይሃቱን ቦታ ለመቀየር አንድ ጣት ይበቃል፤ የጋሼን እጅ ለመቀየር ግን ዕድሜያቸውን መመለስ ሊኖርብን ነው። ማን ማለፍ እንዳለበት ለመወሰን ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

የድምፅ ቅኝቱም ትንሽ አስቸግሮን ነበር። ማሲንቆው የተቃኘው በድምፃዊቷ ድምፅ ነው፤ ሲንተሳይዘሩ ደግሞ በፋብሪካው 440 ኸርዝ። በመካከላቸው ከግማሽ ቃና በእጅጉ ያነሰች፣ ግን ጆሮ የምታሳክክ ልዩነት ነበረች። ያኔ የተማርነውን ይዘን ሲንተሳይዘሩን ዝቅ አደረግነው፤ ማንም አልተከራከረም።

ከዚያ የምረቃው ምሽት ደረሰ። የሆቴሉ አዳራሽ ባለሙያ በሙከራው ሰዓት «ባሳችሁ የት አለ?» ሲል ስቱዲዮ ውስጥ ደረታችንን ያናውጥ የነበረው ባስ በእርግጥም የለም። አቀናባሪው ባሱ ሰፊ እንዲመስል ብሎ በግራና በቀኝ ተቃራኒ አድርጎ ዘርግቶታል፤ የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ሁለቱን ወገን አንድ ላይ የሚደምር ሞኖ ነው። ሲደመሩ ተጣፉ። ከ120 ኸርዝ በታች ያለውን ሁሉ ወደ መሐል ሰብስበን ፋይሎቹን እንደገና አወጣን፤ እንግዶች መግባት ሲጀምሩ ጨረስን። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ የሚባል ነገር የለም፤ የባስን ድምፅ መሐል ማስቀመጥ በዚህ ሙያ የፊደል ገበታ ነው።

አልበሙ ዩቲዩብ ላይ በወጣ ማግስት ግን ማናችንም ያላሰብነው መጣ። ሰባተኛው ዘፈን ላይ የባለቤትነት ጥያቄ ቀረበ፤ ገቢው የሌላ ሰው ነው ይላል። ድምፃዊቷ አለቀሰች። ፕሮዲዩሰሩ አቀናባሪውን ሌባ ብሎ ሊጠራው ጥቂት ቀረው። ጠያቂውን ስናየው ስሙን ሰምተን የማናውቀው የሌላ አገር ሙዚቀኛ ነው፤ የተጠየቀውም ቦታ ማጨብጨቢያና ሻከር ያለበት ስምንት ሰከንድ ገደማ ነበር።

አቀናባሪው ያንን ሉፕ፣ ማለትም እየተደጋገመ እንዲሰማ ተቀርጾ የሚሸጥ አጭር ድምፅ፣ በገንዘቡ ገዝቶታል፣ ደረሰኙም አለው። ነገር ግን የድምፅ ቤተ መጻሕፍት የሚሸጡ ድርጅቶች ለአንድ ሰው ብቻ አይሸጡም፤ ያው ሉፕ በሺዎች እጅ ሊኖር ይችላል። ከእነዚህ አንዱ የራሱን ዘፈን በኮንቴንት አይዲ፣ የዩቲዩብ የባለቤትነት መለያ ማሽን፣ ሲያስመዘግብ ሉፑም አብሮ ይገባል፤ ከዚያ ማሽኑ ያንን ድምፅ በሰማበት ሁሉ የእሱ ነው ይላል። ማሽኑ እኮ አይሳሳትም የሚለውን ንግግር ማንም አላነሣም፤ አቀናባሪው ራሱ ግን ትዝ ብሎት እንደነበር ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ደረሰኙንና የፈቃዱን ውል አያይዘን ተቃውሞ አስገባን። ጠያቂው መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው፤ እስከዚያ ገቢው ለማንም ሳይከፈል ተይዞ ይቆያል። ለአዲስ ዘፈን ደግሞ የመጀመሪያው ወር ማለት ሁሉ ነገር ነው።

ወረቀቶቹን ስናገላብጥ ሌላም ነገር ወጣ። ሉፑ ውል አለው፤ ጋሼ ግን የላቸውም። የቀን አበላቸውን ተቀብለው ሄደዋል፣ ስማቸውም በአልበሙ መረጃ ላይ «ማሲንቆ» ከሚለው ቃል በቀር የትም የለም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ከዋኝንም፣ ማለትም የሚጫወተውን ሰው፣ ባለመብት ያደርጋል። ፕሮዲዩሰሩ «አሁን ይህን ለምን ታነሣላችሁ?» አለ። ድምፃዊቷ ለማንም መልስ ሳትሰጥ ከጋሼ ጋር ውል ተፈራረመች፤ ከሦስተኛው ዘፈን ገቢም ድርሻ ጻፈችላቸው። እሳቸው ሲፈርሙ ያሳሰባቸው ገንዘቡ ሳይሆን ስማቸው በአባት ስም ጭምር በትክክል መጻፉ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አስነበቡን።

ጠያቂው ቀኑ ሳያልቅ ጥያቄውን አነሣ፤ የተያዘውም ገቢ ተለቀቀ። አቀናባሪው ከዚያ ወዲህ የተገዛ ሉፕ አይነካም። ማጨብጨቡን ከኛው ይቀዳል፣ ቆርቆሮ ያንኳኳል፣ ሰሞኑን ደግሞ ከነዘነዘናው የቡና ሙቀጫ ገዝቶ ስቱዲዮ አምጥቷል፤ እውነቱን ለመናገር ድምፁ ግሩም ነው። ደረሰኙን ለፕሮዲዩሰሩ ሲያቀርብ ሰውዬው አገላብጦ አየውና ሙቀጫ የሙዚቃ መሣሪያ አይደለም ብሎ አልፈርምም አለ። እስካሁንም አልፈረመም።