አየሩ ቀድሞ ይለካ

በዴንማርክ ምዕራብ ጠረፍ፣ በሰሜን ባሕር ዳርቻ፣ አሮጌ የጦርነት ምሽጎችን በሚመዘግብ ቡድን ውስጥ በቀያሽነት ሠርቻለሁ። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። ምሽጉ የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደዘመመ፣ ኮንክሪቱ የት የት እንደተሰነጠቀ ለክቶ መጻፍ ነው።

ምሽጎቹ ናዚ ጀርመን "የአትላንቲክ ግንብ" ብላ የገነባችው የመከላከያ መስመር አካል ናቸው። ሂትለር ትእዛዙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1942 ነው። መስመሩ ከኖርዌይ ሰሜን ጫፍ እስከ ፈረንሳይና ስፔን ድንበር ይደርሳል። የብዙዎቹ ግድግዳና ጣሪያ 2 ሜትር ውፍረት አለው። ያኔ የአሸዋ ኮረብታ ላይ የተሠሩት፣ ባሕሩ ኮረብታውን እየበላ ስለመጣ ዛሬ ውኃው ዳር ተጋድመዋል።

አንድ ቀን ማዕበል አሸዋውን ጠርጎት የአንዱ ምሽግ በር ብቅ አለ። የብረት በሩ በዝገት ተበልቶ ገርበብ ብሏል። ሰው ጎኑን ካዞረ ያስገባል። አብሮን የሚሠራ አንድ ወጣት ወዲያው ባትሪውን አበራ። "ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ ፎቶ አንስቼ ልውጣ" ብሎ ፎርማናችንን ለመናቸው።

ጉጉቱ ይገባኛል። በዚያው ጠረፍ፣ ሁቪግ በሚባል ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 አሸዋ ለብሰው የቆዩ ምሽጎች ሲገኙ የወታደሮቹ ዕቃ ገና ውስጣቸው ነበር። ይህን የሰማ ሰው እግሩ ዝም ብሎ አይቆምለትም።

ፎርማናችን ግን ልምድ የጠገቡ ሰው ናቸው። "ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ አየሩን እንይ" አሉት። የጋዝ መለኪያውን ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ አስረው በበሩ ክፍተት ወደ ታች ሰደዱት። ውጭ ስንሆን 20.9 ከመቶ የሚለው የኦክስጅን ቁጥር መውረድ ጀመረ። 19.5 ሲደርስ መሣሪያው ጮኸ። ዘንጉ ወደ ወለሉ ሲጠጋ 13 ላይ ቆመ። ሽታ የለም፣ ጭስ የለም። ወጣቱ ባትሪውን አጥፍቶ ወደ ኋላ አለ።

13 ከመቶ ላይ ሰው ሐሳቡ ይደነዝዛል፣ እግሩ ይወላገዳል። የከፋው ነገር ግን መድከሙን ራሱ አለማወቁ ነው። ከ10 በታች ከወረደ ደግሞ ይዝለፈለፋል። ጓደኛው ደንግጦ ሊያወጣው ሲገባ እሱም እዚያው ይወድቃል። በተዘጋ ቦታ በሚደርሱ አደጋዎች ከሞቱት መካከል ለማዳን የገቡ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ኦክስጅኑን ምን በላው? ዝገቱ። ብረት ሲዝግ ከአየሩ ኦክስጅን ይወስዳል። አሸዋው ያስገባው የባሕር ሣርና የረጠበ እንጨትም ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተፋል። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል። በሮቹ የተሠሩት መርዛማ ጋዝ ከውጭ እንዳይገባ ተብሎ ነው። አሁን ደግሞ ንጹሕ አየር አያስገቡም። ምሽግ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጣሪያውን ነው የሚፈራው። ጣሪያውም መፈራት አለበት፤ ጨዋማ ውኃ የደረሰበት ፌሮ ሲዝግ አብጦ ኮንክሪቱን እየገፈተረ ይጥለዋል። ለእኔ ግን ከጣሪያው በፊት አየሩ ይመጣል።

በማግስቱ በቬንትሌተር ንጹሕ አየር ስንነፋበት ዋልን። ቁጥሩ ተመልሶ ረጋ ካለ በኋላ መለኪያው ደረታችን ላይ እንደተንጠለጠለ ገባን፤ አንድ ሰው በር ላይ ቀረ። ውስጡ ያገኘነው የወደቀ ምድጃና የተላጠ ቀለም ነው። ጥጉ ላይ በጡብ የተደፈነ መውጫ ነበር። ወጣቱ በእጁ ሊነካው ሲል ፎርማኑ ከለከሉት። ይህ የድንገተኛ መውጫ ነው። ከጡቡ ጀርባ ያለው ጉድጓድ በአሸዋ ወይም በጠጠር ተሞልቶ ነው የሚተወው። ወታደሮቹ ሲከበቡ ጡቡን አፍርሰው አሸዋውን ወደ ውስጥ እያፈሰሱ ወደ ላይ እንዲወጡ ታስቦ ነው። ዛሬ ያንን ጡብ የሚነቀንቅ ሰው አሸዋው በላዩ ይናድበታል።

ከጣሪያው ስንጥቅ ውስጥ የሌሊት ወፎች ተኝተው ስላየን ብርሃኑን ቶሎ ዝቅ አድርገን ወጣን። በብርድ ወራት ከተቀሰቀሱ እስከ ሙቀቱ የሚያደርሳቸውን ስብ ያለጊዜው ይጨርሱታል። ሪፖርታችን ላይ በሩ በአግድም የብረት ዘንግ እንዲታጠር ጠየቅን። ሰው አያሳልፍም፣ የሌሊት ወፍና አየር ግን ያሳልፋል። ከዚያ ወዲህ መለኪያውን ዘንጉ ላይ የሚያስረው ወጣቱ ነው።