ከቅዳሴ በኋላ ያለው ቡና

ዛሬ በጅማ ዳርቻ ባለችው የካቶሊክ ቁምስናችን መዝሙሩ በአማርኛ ተጀምሮ ወደ ኦሮምኛ፣ ከዚያም ወደ ካፋዎች ቋንቋ ወደ ካፊኖኖ ተሻገረ። የካፋ እናቶች ሲቀበሉ የወጣቶቹ ድምፅ ጠፋ፤ ማይክሮፎኑ ግን በወጣቶቹ እጅ ነበር!

ከቅዳሴ በኋላ ቡና ሲፈላ አንድ አባት የአባ ማስያስን ታሪክ አነሡ። አባ ማስያስ የተባለው ጣሊያናዊው የካፑቺን ማኅበር መነኩሴ ጉልየልሞ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1846 ለኦሮሞ ምድር በጳጳስነት ተሹሞ፣ ነጋዴ መስሎ ተጉዞ፣ ካፋ ደረሰ፤ በ1861 ከዚያ ተባረረ። ኮንሶላታ የተባለው የጣሊያን ካቶሊክ ማኅበር ሚስዮናውያንም እ.ኤ.አ. በ1916 ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ነጋዴ መስለው ነው። የቡና አገር ስለሆነ ይሆን ሰባኪው ሁሉ ነጋዴ የሚመስለው? የዛሬው የጅማ ቦንጋ ሀገረ ስብከት ግን የቅርብ ጊዜ ነው፤ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው።

ከዚያ ወሬው ወደ እድሩ ድንኳን ዞረ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም የእድሩ አባላት ናቸውና ለጨዋታውም ለቡናውም መጥተዋል። ድንኳኑ ያፈሳል። ይጠገን የሚሉ አሉ፤ እኔ አዲስ ይገዛ ባይ ነኝ። በጅማ ክረምት ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ይፈርድልኛል። ገንዘብ ያዡ ግን ከደብተራቸው ቀና አላሉም፤ ክርክሩም ለሚቀጥለው እሑድ ተላለፈ።