ሦስት ሳይሆን አራት

እስካሁን ከጻፍኳቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች የሚያሳፍረኝ አንዱ ነው፣ እሱም ስለ ድመት ነው።

የምሠራው ድሬ ውስጥ አንድ የሴራሚክ መጋዘን ነው። ስቶር ኪፐር ነኝ፣ ግን ኮምፒውተር የሚነካ ሌላ ሰው ስለሌለ ደብዳቤም የምጽፈው እኔው ነኝ። ፎርክሊፍቱን የሚነዳው ሰውዬ የራሱ ስም አለው፣ እኛ ግን ቀስ በቀስ ነው የምንለው። 12 ኩንታል የሚሆን ፓሌት አንስቶ ሲያስቀምጥ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ሻይ አይነቃነቅም፣ ሌላኛው ልጅ ሲያስቀምጥ ብርጭቆው ይዘላል። ታዲያ መኪና ተሰልፎ ሹፌር ክላክስ ላይ ሲተኛ ይሄ ቀስታው ደም ያፈላል፣ እኔንም ጭምር።

ኃላፊያችን ደግሞ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ከሥራ በፊት ቃል ያካፍለናል። ሙስሊሞቹ ጫኞች ውጪ ሻያቸውን ይጠጣሉ፣ እኔና ቀስ በቀስ ኦርቶዶክስ ብንሆንም እንገባለን፣ እኔ እንኳ እውነቱን ለመናገር አቴንዳንሱ እዚያ ስለሚፈረም ነው። ድምፁ ትልቅ ነው። ስለ እግዚአብሔር ኃይል ሲያወራ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ ስለ ስቶክ ጉድለት ሲያወራም እንደዚያው፣ አንዳንዴ የቱን እንደያዘ የሚታወቀው መሃል ላይ ነው።

ሐምሌ 20ዎቹ ውስጥ ነበር። ድሬ ላይ ፀሐይ ነው፣ ደጋው ላይ፣ ደንገጎ በኩል ግን ጠቁሯል። የደቻቱ ወንዝ ነገር እንዲህ ነው፣ እዚህ ጠብ ሳይል ደጋ ላይ የጣለው ደረቁ አሸዋ ላይ ይደርሳል፣ ስለዚህ ሐምሌ ላይ የምናየው የራሳችንን ሰማይ አይደለም። ኃላፊያችንም ይሄንኑ አይቶ ይመስለኛል ኢሳይያስ 40 ቁጥር 12ን አወጣና «ውኆችን በእፍኙ የሰፈረ» ብሎ ጀመረ፣ ሰማይን በስንዝር፣ ተራራን በሚዛን፣ እዚህ ድረስ ጥሩ ነበር፣ ከዚያ ግን የ1998ን ጎርፍ አመጣው። ሐምሌ መጨረሻ፣ ሌሊት፣ ከ200 በላይ ሰው፣ የድሬ ልጅ ለሆነ ይሄን መተረክ አያስፈልግም። እሱ ግን እጁን እፍኝ አድርጎ «ያኔ ከዚህች ትንሽ ጠብ ቢያደርግ ነው!» እያለ አሳየን።

እኔ እጁን አላየሁም፣ ቀስ በቀስን ነው ያየሁት። እህቱን ያን ሌሊት ነው ደቻቱ የወሰደበት፣ ሦስት ቀን አሸዋ እንደቆፈረ እዚያ ቤት ሁሉም ያውቃል። ኃላፊያችን ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው፣ አልጠየቀም፣ የነገረውም የለም።

ቀስ በቀስ ከወንበሩ ሳይነሳ «ከፍ በል» አለው።

«ምን?»

«ከፍ በል።»

«ከዚህ በላይ ልጩህ እንዴ?»

«አይ፣ አንድ ቁጥር ከፍ በል። 11ን ዘለልካት።»

አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ድሬ ላይ ለሽማግሌም ለአለቃም አንተ ነው፣ ሰውዬው ግን እስካሁን አልለመደውም፣ ጆሮው ቀላ። አነበበ ግን። መንጋውን እንደ እረኛ ያሰማራል፣ ጠቦቶቹን በክንዱ ሰብስቦ በብብቱ ይሸከማል፣ «የሚያጠቡትንም በቀስታ ይመራል»። እሱን ቀስ ብሎ ሲያነብ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፣ ቃሉ ራሱ አስጮኸው ቢሉት የሚጮህ አይደለም። እኔ ከልጅነቴ የእግዚአብሔርን ስም ስሰማ መብረቁ ነው ቀድሞ የሚመጣብኝ፣ ባሕር የሚሰፍርበት እጅና ግልገል የሚያቅፍበት እጅ እንዲህ ተጠጋግተው መጻፋቸውን አላውቅም ነበር፣ ፀጉሬ ቆመ ብል ማጋነን አይደለም።

ስንወጣ ጠጋ ብዬ እህትህን አስበህ ነው ወይ አልኩት፣ ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር። «እሷን ሳስብማ ሁለቱንም ቁጥር አላነብም፣ ዝም ነው የምለው» አለኝና ፎርክሊፍቱን አስነሳ።

ረቡዕ ዕለት ነው እንግዲህ ድመቷ። ተደራርበው ከከረሙት ፓሌቶች የላይኛውን ሲያነሳ ጣውላው መሃል ወልዳለች። ቀስ በቀስ ጭነቱን አየር ላይ ይዞ ቆመ። የኛ ማሽን ሃይድሮሊኩ ስለሚያፈስ ሹካው በራሱ ይወርዳል፣ እሱ በሁለት ጣቱ ሊቨሩን ነካ፣ ነካ፣ ነካ እያደረገ 12 ኩንታሉን እዚያው አቆየው፣ እሷ አንዱን በአንገቱ ይዛ ትሄዳለች፣ ተመልሳ ትመጣለች፣ ቆም ብላ ታየዋለች ደግሞ። ውጪ ሹፌሩ ክላክስ። እኔ «አቦ ተዋት በጫማ ገፋ ላድርጋት» ብያለሁ፣ አልክድም። ኃላፊያችን እየጮኸ መጣ፣ የምንሸጠው ሴራሚክ ነው ድመት ነው እያለ።

ቀስ በቀስ ዓይኑን ከሹካው ሳይነቅል «ባለፈው 19 ምን ነበር?» አለው። ቁልቢ በእግሩ ደርሶ መምጣቱ ነው፣ ተረከዙ ገና በፋሻ ታስሯል። «ቂርቆስና ኢየሉጣ። የፈላው ውሃ የቀዘቀዘው ለእናትና ለልጅ ነው። ትጨርስ።»

ታቦት ለማያውቅ ሰው ይሄ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው።

ከሰዓት ደብዳቤው ታዘዘ፣ ጻፍኩት። «ሦስት የድመት ልጆች እስኪነሱ በሚል ምክንያት ሥራ ለ11 ደቂቃ ያጓተቱ በመሆኑ»፣ እንዲህ ያለ አማርኛ ከእጄ ወጣ። ቀስ በቀስ መነጽሩን አድርጎ እስከ ማኅተሙ አነበበና ስህተት አለው አለኝ። ሊከራከር ነው ብዬ እኔም እንደታዘዝኩ ልነግረው ተዘጋጀሁ።

«ሦስት ብለሃል፣ አራት ናቸው።»

«ምን ለውጥ አለው?»

«አራተኛዋ ናት እኮ ያስቆየችን።»

በእስክርቢቶ ሰርዤ አራት አልኩት፣ እሱም ሥርዙ አጠገብ ፈረመ፣ ፋይል ውስጥ አለ። ሰኞ ሰኞ ኢሳይያስ ቀርቷል፣ አሁን መጽሐፈ ምሳሌ ላይ ነን፣ ታካቹና ገብረ ጉንዳን።