«ሥራ የላትም»

ዛሬ ከጎረቤቴ ጋር ለጉዳይ አንድ ቢሮ ሄደን ነበር። ፎርም የሚሞላው ልጅ «ሥራ?» አላት። «ቤት ነው የምውለው» አለችው። ቀና ሳይል «ሥራ የላትም» ብሎ ጻፈ። እኔ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ ስለው ግን «ጎበዝ!» አለኝ። ድብን ነው ያልኩት።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እኔ ከንጋቱ 12 ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ። ልጄን ከትምህርት ቤት የምትቀበልልኝ እሷ ናት። ውሃ ሌሊት በፈረቃ ሲመጣ ተነስታ ጀሪካኗን ትሞላለች፤ ከዚያ የእኔን በር ታንኳኳለች። ዛሬ ቢሮው ሰልፍ ላይ እጇን አየሁት። ጣቶቿ በበረኪና ተሰነጣጥቀዋል። አውራ ጣቷ ላይ ምጣድ ያቃጠላት ጠባሳ አለ።

እኔንም ቢሆን «ልጇን ጥላ ትዞራለች» የሚለኝ አልጠፋም። ያማል። ግን ስወልድ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደሞዜ አርፌያለሁ። ለአባትየው የተፈቀደው 3 ቀን ነው። እሷ ሁለተኛዋን ስትወልድ ግን ፈቃድ የሚሰጣት ማንም አልነበረም። ገና አራስ ሆና ነው ትልቁን ልጅ ስታጥብና ስታበላ የነበረው።

ተመልሼ «እባክህ የቤት እመቤት ብለህ አስተካክልላት» አልኩት። አስተካከለው። እሷ ግን ክንዴን ይዛ ትጎትተኛለች፦

«ተይው የማሂ እናት፣ ልጆቹ ሊወጡ ነው፣ ቶሎ እንሂድ።»