20 ሰከንድ

አዳማ፣ ሐሙስ ማታ

ከሰዓት በኋላ የተነሳው ነፋስ እስካሁን አልበረደም። አስማትና ባሩድ በአንድ ሜዳ የሚገጥሙባቸውን ተከታታይ ልቦለዶች ሳስብ መጀመሪያ የሚታየኝ የነፋስ ነገር ነው፤ ብዙዎቹ ጸሐፊዎች ግን ነፋስ የሌለበት ዓለም ላይ ያዋጋሉ። በቡላድ ድንጋይ የሚተኮሰው ጠመንጃ ጎኑ ላይ ትንሽ ሳህን አለችው። ቁንጥር ባሩድ የሚነሰነሰው እሷ ላይ ነው። ክዳኗ ሲነሳ ደህና ነፋስ ከመጣ ባሩዱ ቦኖ ይሄዳል፤ ድንጋዩ ብረቱን ይመታል፣ ፍንጣሪው ይወድቃል፣ የሚቀጣጠል ነገር ግን የለም።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፦ ድንጋዩን «ባልጩት» ብሎ መጻፍ ያሳስታል። በስምጥ ሸለቆው የሞላው ጥቁሩ ባልጩት ብርጭቆ ነው። ሥጋ ይቆርጣል እንጂ ብረት ሲነካው ይፈረካከሳል፤ እሳት አይተፋም። ቡላድ ከብረቱ ይበልጥ ጠንካራ ስለሆነ ነው ብረቱን ፍቆ ፍንጣሪ የሚያወጣው። እሱም ቢሆን ከ20 ወይም ከ30 ተኩስ በኋላ ጠርዙ ዶልዱሞ ይለወጣል።

አጎራረሱ እንዲህ ነው። በወረቀት የተጠቀለለውን ባሩድና እርሳስ በጥርስ ቀድዶ ጥቂቱን ሳህኗ ላይ ማፍሰስና መክደን፤ የቀረውን በአፈሙዙ መገልበጥ፤ እርሳሱን ከነወረቀቱ ማስከተል፤ በዘንግ ጠቅጥቆ ዘንጉን ወደ ማኅደሩ መመለስ፤ ከዚያ ድንጋዩን የነከሰውን መዶሻ ወደ ኋላ ስቦ ማነጣጠር። ደህና የሰለጠነ ወታደር በደቂቃ 3 ጊዜ ይተኩሳል፤ ለአንዱ 20 ሰከንድ መሆኑ ነው። በድንጋጤ ዘንጉን ሳያወጣ የሚተኩስም አለ። ዘንጉ እንደ ጦር ተወርውሮ ይሄዳል፤ ሰውዬው ከዚያ ወዲያ በሳንጃው ብቻ ነው የሚዋጋው።

ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ ደግሞ 100 ሜትር በ12 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል። ከ100 ሜትር ባሻገር አንድን ሰው አነጣጥሮ መምታት በእንዲህ ያለ ጠመንጃ ዕድል ነው። ስለዚህ እግረኛው ፈረሰኛ ሲመጣበት የሚተኩሰው አንዴ ነው፤ ሁለተኛው ከመጉረሱ በፊት ፈረሱ ደርሷል። ረድፍ በረድፍ እየተፈራረቁ መተኮስ፣ በአራት ማዕዘን ተሰልፎ ሳንጃ ወደ ውጭ መደገን፣ ሁሉም የዚህች ሒሳብ ልጆች ናቸው።

አስማቱም መግባት ያለበት እዚችው ላይ ይመስለኛል። ሰማይ ከፍቶ እሳት የሚያዘንብ ጠንቋይ ቶሎ ይሰለቻል። ከ20ው ሰከንድ 8ቱን የሚቀንስ፣ ወይም በሐምሌ ዝናብ የ500 ሰው ባሩድ እንዳይርስ አድርጎ የሚያሳድር ደብተራ ግን አንድ ጦርነት ይገለብጣል። ያ ሰው ቢያንቀላፋ፣ ቢታመም፣ ጠላት ቢሰርቀው ምን ይሆናል? ታሪኩ ከዚያ ራሱ ይሄዳል።

ትልቁ ቀዳዳ ባሩድን ከሩቅ የሚያቀጣጥል አስማተኛ ነው። ለ1 ተኩስ ባሩዱ 10 ግራም፣ እርሳሱ 32 ግራም ገደማ ነው። ወታደሩ 60 ጥቅል ቢይዝ ወገቡ ላይ ከግማሽ ኪሎ በላይ ባሩድ ታጥቋል ማለት ነው። 500 ሰው በዚያ ላይ አንድ ጊዜ ይታደስለት ቢባል ባሩዱ ከነእርሳሱ ወደ 1,260 ኪሎ ይሆናል፤ በቅሎዋ 80 ኪሎ ብትጭን 16 በቅሎ። ከኮረብታ ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ በጥቅሻ የሚያነድ ሰው ካለ ልቦለዱ ምዕራፍ አንድ ላይ አልቋል። «ኃይሉ ስለሚያደክመው ነው» የሚለው ማመካኛ አያሳምንም፤ ለዚያች አንዲት ጥቅሻ ሲል ማን አይደክምም?

የሚያሳምነው ገደብ ከባሩዱ ከራሱ ሲመጣ ነው። ከ100 እጁ 75ቱ የባሩድ ጨው (ናይትሬት) ነው፣ የወጥ ጨው አይደለም፤ 15 ከሰል፣ 10 ድኝ። ያ ጨው ደግሞ የከብት ሽንትና ፍግ ለብዙ ጊዜ ከጠጣ አፈር ታጥቦና ተፈልቶ ይወጣል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ የንጉሡ ሰዎች ለዚህ ሲሉ የሰው በረት ወለል ይቆፍሩ ስለነበር ሕዝቡ አምርሮ ይጠላቸው ነበር። እንግዲህ አስማተኛው ማንደድ የሚችለው የበረቱን አፈር በእጁ የነካውን ባሩድ ብቻ ነው እንበል። ወዲያው ሰላይ ያስፈልጋል፣ አፈር የሚሰርቅ ሌባ ያስፈልጋል፣ በረቱ የተቆፈረበትና ቂም የያዘ ገበሬም ዋና ሰው ይሆናል።

በዚህ በኩል አማርኛ ያለው ሀብት ገና አልተነካም። ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ ነው» ብሎ የፈራ፣ ማረሻውንና ጦሩን ግን ከእሱው የገዛ አገር ነው። ጠመንጃ የሚያበጀውና የሚፈራው ሰው አንድ ነው፤ ከሌላ አገር ልቦለድ የጠንቋዮች ማኅበር መዋስ ምን ያደርጋል? ጥይት ያከሽፋል የሚባለውም ክታብ አለ። ሕጉን ማጥበቅ ብቻ ነው፦ እርሳስን የሚመልስ ክታብ ሳንጃን አይመልስም፤ ጠላትም ይህን ሲያውቅ እርሳሱን ትቶ ብረት ያጎርሳል።

ታሪኩም ቢሆን ያስተምራል። በ1534 ዓ.ም. ወፍላ ላይ ኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም በ900 ያህል የቱርክ ነፍጠኞች ፖርቱጋሎቹን ድል አደረገ። ከዚያ አብዛኞቹን አሰናብቶ 200 ገደማ አስቀረ። በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ በፖርቱጋል ነፍጥ ተመትቶ ወደቀ። የጋፋቱ ሴባስቶፖልም 7 ቶን ገደማ ነው፤ መቅደላ እስኪደርስ መንገድ እየተጠረገለት በሰው ኃይል ወራት ተጎትቷል፣ ቴዎድሮስም ድንጋይ ሲያነሱ ነበር። እንዲህ ያለውን መድፍ በአንድ ሌሊት በአስማት የሚያበር ጸሐፊ የመጽሐፉን ግማሽ ራሱ ጣለው።

ጭሱ ይቀራል። ከባሩዱ ክብደት ከግማሽ በላይ ጭስና ጥላሸት እንጂ ጋዝ አይሆንም። ጥላሸቱ አፈሙዙን እያጠበበ አጎራረሱን ያከብደዋል፤ ጭሱ ደግሞ ነፋስ ከሌለ ከሁለተኛው ተኩስ በኋላ ሜዳውን ይጋርዳል። ማየት የሚፈልግ አስማት ሁሉ እዚያ ላይ ዕውር ነው። ስለዚህ ከእሳት ጠሪው ይልቅ ነፋስ ጠሪው ይከበራል፤ ጭሱን ጠላት ዓይን ውስጥ ይነዳዋልና። ነፋሱን የጠራው ወገንም ታዲያ ሳህኗን በመዳፉ ከልሎ መቆም አለበት።