ናፍጣ የሚወድ ፒካፕ

ጎንደር ላይ ትልቅ ፒካፕ ይዞ ናፍጣ መቆጠብ ቀልድ ይመስላል፣ ከተማው ዳገትና ቁልቁለት ነው። ግን ዋናው ነገር ያለው ቀኝ እግር ላይ ነው። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስትወጡ ነዳጁን ረግጦ ባጃጅ ቀድሞ ወዲያው ፍሬን መያዝ፣ ናፍጣውን አስፋልት ላይ እንደ መድፋት ነው።

ቁልቁለት ላይ ደግሞ ስንቱ ሾፌር ቆጠብኩ ብሎ ማርሹን ዜሮ ያደርጋል። ተሸወደ! የዘመኑ ሞተር ማርሽ ውስጥ እያለ እግር ከነዳጁ ሲነሳ ናፍጣ መርጨቱን ያቆማል፤ ዜሮ ላይ ግን እንዳይጠፋ ይጠጣል፣ ፍሬኑም ይግላል። ሊማሊሞን በዜሮ የሚወርድማ፣ እግዜር ይጠብቀው።

የጎማ ንፋስ ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል፣ በሩ ላይ በተለጠፈው ልክ አስሞሉ። ባዶ ፖርቶ መጋላ አውርዱ። ካሶኒው ውስጥ የተረሳ ሲሚንቶ ካለም ይውረድ፣ 50 ኪሎ እኮ ነው!